ሄሱስ ናቫስ፦ አንድ መንገድ ብቻ የሚያውቅ የመስመር ተጫዋች?

በኳስ መድረካችን ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈትሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ጥፋት የእኔ ነው። ያነሳሁት ነገር ይህ ነበር። የሴቪያውና የስፔን ብሔራዊ ቡድኑ ሄሱስ ናቫስ በ2024 መጨረሻ ጫማውን ሲሰቅል ስፔን በሙሉ ቆማ አጨበጨበችለት። እኔ ግን በመስመር አጥቂነት በተጫወተባቸው ዓመታት አንድ ነገር ብቻ ሲያደርግ ነው ያየሁት። ኳሱን በቀኝ በኩል ይቀበላል፣ ይሮጣል፣ ያሻማል። ወደ ውስጥ አይገባም፣ በግራ እግሩ አይመታም፣ ጎል አያበዛም። በማንችስተር ሲቲ 4 የውድድር ዘመን ቆይቶ ያስቆጠረው 8 ጎል ብቻ ነው። ታዲያ ያን ሁሉ ዋንጫ ያነሳው በችሎታው ነው ወይስ ጥሩ ቡድን ውስጥ በጥሩ ጊዜ ስለተገኘ? በ2010 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ለኢኒዬስታ ጎል ኳሷን ከማቀበሉ በቀር ለብሔራዊ ቡድኑ ምን ሠራ? ይህን ጽፌ ተኛሁ። ጠዋት ስከፍተው 9 ምላሽ ጠበቀኝ፤ እስከ እሁድ ማታ 34 ደረሰ። የተባባልነውን እንደ አመጣጡ አስቀምጠዋለሁ፤ ስድቡንና ድግግሞሹን ዘልዬዋለሁ።

1ኛው ምላሽ በጨዋ ደንብ የመጣ ነው። ሰላምታውን አስቀድሞ፣ ኳሷን ያቀበለው ናቫስ አለመሆኑን ነገረኝ። ናቫስ በ60ኛው ደቂቃ ፔድሮን ቀይሮ ገባ። በ116ኛው ደቂቃ ኳሷን ከራሱ ሜዳ ይዞ፣ ሆላንዶችን ከኋላው እያስከተለ በቀኝ መስመር ወጣ። ከዚያ በኋላ ኳሷ በብዙ እግር አልፋ ወደ ግራ ወደ ቶሬስ ተሻገረች፤ ቶሬስ ያሻማትን ቫን ደር ፋርት በቅጡ ሳያርቃት ቀረ፤ ፋብሬጋስ አገኛትና ለኢኒዬስታ ሰጠው። ስለዚህ የናቫስ ድርሻ ማስጀመሩ ነው። ጸሐፊው ሲጨርስ፣ አንድ መንገድ ብቻ የሚያውቅ ያልሁት ሰው ያቺን አንድ መንገድ ባይሮጣት ኖሮ ጨዋታው ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ይሄድ እንደነበር በትሕትና አስታወሰኝ። ትሕትናው ከስድብ ይልቅ ያማል።

2ኛው ያንኑ ደገመው። 3ኛው ያን ዕለት ማታ ደሴ ውስጥ አንድ ሻይ ቤት እንደነበረ ተረከ። ተጨማሪው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ጠፋ። ጎል መግባቱን ያወቁት ከማዶ ካለው፣ ጄነሬተር ከነበረው ሆቴል በመጣው ጩኸት ነው፤ ማን እንዳገባ ለማወቅ ደግሞ አንድ ልጅ ሮጦ ሄዶ እስኪመለስ ጠበቁ። በዚያ ምሽት ከናቫስ ቀጥሎ በቀኝ መስመር ሲሮጥ ያየው ያን ልጅ ብቻ መሆኑን ጨመረ።

ከ4 እስከ 8 ያሉት ስለ ኳስ አይደሉም ማለት ይቻላል። 4ኛው የጨዋታ አስተላላፊዎቻችን ለምን ጂሰስ እንደሚሉት ጠየቀ፤ ስፔኖቹ ራሳቸው ሄሱስ እያሉ። 5ኛው በዚህ ተቆጣ። የጌታን ስም በኳስ ተጫዋች ላይ እያፈራረቁ መጥራት ተገቢ አለመሆኑን፣ የቤተሰቡን ስም ብቻ ብንጠቀም እንደሚሻል አሳሰበ። 6ኛዋ በስፔን አገር ይህ ለሕፃናት የሚወጣ የተለመደ ስም መሆኑን፣ ናቫስም ለመጀመሪያ ልጁ ይኸንኑ ስም ማውጣቱን ገለጸች። 7ኛው ኢያሱ ማለትም ከዚያው ከዕብራይስጡ ስም የመጣ ነውና ጎረቤቴን ኢያሱን ምን ብዬ ልጥራው ብሎ ቀለደ። 5ኛው ተመልሶ በ8ኛው ምላሽ ቀልዱን እንዳልወደደው አሳወቀ። እኔም ዝም አልሁ።

9ኛው ሐዋሳ ውስጥ ታዳጊዎችን የሚያሠለጥን ሰው ነው፤ ክሩን ወደ ቦታው የመለሰው እሱ ነው። ረጅም ነበር፤ ባጭሩ ሐሳቡ ይህ ነው። አሁን የምናያቸው የመስመር አጥቂዎች አብዛኞቹ የሚሰለፉት በተቃራኒ እግራቸው ነው፤ ግራ እግረኛው በቀኝ፣ ቀኝ እግረኛው በግራ። ወደ ውስጥ ገብተው እንዲመቱ ነው። ናቫስ ቀኝ እግረኛ ሆኖ በቀኝ፣ ከኖራው መስመር ጋር ተጣብቆ የሚጫወት የድሮ ዓይነት ሰው ነው። ሥራው የተጋጣሚን መከላከያ እንደ ቆዳ መወጠር ነው፤ መከላከያው ሲወጠር መሀሉ ይከፈታል። በሴቪያ እስከ 2008 ከኋላው ዳኒ አልቬስ ነበረ፤ ናቫስ ተከላካዩን ይዞት ወደ ውጭ ሲወጣ አልቬስ በተከፈተው ቦታ ይገባል። ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ ካኑቴና ሉዊስ ፋቢያኖ በጭንቅላት ይጠብቃሉ። በሲቲ ግን ያሻማ የነበረው ለአጉዌሮ ነው፤ አጉዌሮ ታላቅ አጥቂ ነው፣ ቁመቱ ግን አጭር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። አሠልጣኙ ሲያበቃ አንድ ጥያቄ ጣለልኝ። ተከላካዩ፣ አሠልጣኙና ተመልካቹ ሁሉ ወዴት እንደሚሄድ እያወቁት 20 ዓመት ካለፋቸው፣ ችሎታ ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?

መልስ አልነበረኝም። 10ኛው ግን ነበረው፤ ያውም በኮምጣጣ ቃል። አሠልጣኙ ስንፍናን በንድፈ ሐሳብ እየሸፈነ ነው አለ። እውነተኛ የአንዳሉሲያ የመስመር ተጫዋች ማየት የፈለገ የሴቪያ የከተማ ተቀናቃኝ የሆነውን የቤቲስን ሆአኪንን ይመልከት፤ እሱ ያታልላል፣ ያስቃል፣ ያገባል። 11ኛው ሆአኪን በላሊጋ 622 ጨዋታ አድርጎ የግብ ጠባቂውን የዙቢዛሬታን ክብረ ወሰን መጋራቱን፣ በ2005 እና በ2022 ደግሞ ከቤቲስ ጋር የንጉሡን ዋንጫ ማንሳቱን በማስረጃነት አቀረበ። 12ኛው ናቫስ በሴቪያ ማልያ ብቻ 8 ዋንጫ እንዳነሳ ጽፎ፣ ሆአኪን በ17 ዓመት ልዩነት ያገኛቸውን 2 ዋንጫዎች በአንድ እጅ መያዝ እንደሚቻል ተሳለቀ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ በ13 እና በ14 የተለዋወጡትን አልጽፈውም። አንዱ አዳማ፣ ሌላው ጅዳ ሆነው፣ ሁለቱም ሴቪያን በዓይናቸው ሳያዩ፣ በሁለቱ ክለቦች ስታዲየሞች፣ በሳንቼስ ፒስኹዋን እና በቤኒቶ ቪያማሪን መካከል እንዳደጉ ሰፈርተኞች ተናከሱ።

15ኛው ምላሽ ነው ነገሩን ወዳላሰብሁት የወሰደው። ጸሐፊው ናቫስ ትልቅ ተጫዋች ሊሆን ያልቻለው ከእናቱ ጉያ መውጣት ስላቃተው ነው አለ። በ15 ዓመቱ ሴቪያን የተቀላቀለ ልጅ፣ ቤቱ ሎስ ፓላሲዮስ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሚርቅ፤ ያም ሆኖ ቡድኑ ለዝግጅት ሲወጣ እያለቀሰ የሚመለስ፤ የወጣት ብሔራዊ ቡድን ሲጠራው አልሄድም የሚል፤ በ2006 ቼልሲ ሲፈልገው የቀረ። እኛ አገር በ12 ዓመቱ ለትምህርት ከቤቱ ወጥቶ ዘመድ ቤት የሚያድር ልጅ ስንት ነው ብሎ ጠየቀ። ናፍቆት የሚባለው የቅንጡዎች በሽታ ነው ብሎም ደመደመ።

16ኛዋ በጤና ሙያ የምትሠራ ናት። አልተሳደበችም፤ ግን ቃላቷ ስለት ነበራቸው። ናፍቆትና የጭንቀት ሕመም አንድ አለመሆናቸውን አስረዳች። የናፈቀው ሰው ያዝናል፣ ይተክዛል፣ ምግብ ያንሰዋል። የጭንቀት ሕመም ሲነሳ ግን ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውየው አሁን ልሞት ነው ብሎ ያምናል፤ ይህ ደግሞ በቁጣም በምክርም አይመለስም። ናቫስ ይህንን ታክሞ፣ ቀስ በቀስ ተለማምዶ፣ በኅዳር 2009 ማድሪድ ላይ ከአርጀንቲና ጋር ለዋናው ብሔራዊ ቡድን መሰለፉን፣ ከ8 ወር በኋላም ከቤቱ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ ደቡብ አፍሪካ ላይ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ መጫወቱን አስታወሰች። ሐኪም ቤት ለሚመጡት ወጣቶች ስለ እሱ እንደምትነግራቸውም ጻፈች።

17ኛዋ ኩዌት ውስጥ በሰው ቤት የምትሠራ እህት ናት። ስለ ኳስ አንድ ቃል አልጻፈችም። በመጀመሪያው ወር ሌሊት ሌሊት መተንፈስ ሲያቅታት ጓደኞቿ ናፍቆት ነው፣ ይለምድሻል እያሉ እንዳጽናኗት፣ እሷም ሞት መስሏት ለእናቷ ስልክ ደውላ ድምፅ ማውጣት እንዳልቻለች ነገረችን። ስም እንዳለው ያወቀችው ከ16ኛዋ ጽሑፍ መሆኑን ጨምራ አመሰገነች። ከዚህ በኋላ ክሩ ለ5 ሰዓት ያህል ጸጥ አለ።

18ኛው ራሱ የ15ኛው ጸሐፊ ነው። ይቅርታ አልጠየቀም፤ ቅንጡ ያለውን ቃል እንደሚያነሳው፣ ስለ ቼልሲው ግን እንዳልተሳሳተ ጻፈ። ግማሽ መንገድ ነው። እኔ ግማሹንም ተቀብያለሁ፤ በዚህ መድረክ ላይ ከዚህ በላይ የሄደ ሰው እምብዛም አላየሁም።

19ኛው አንጋፋው አባላችን ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። እርሳቸው ነገሩን ከሌላ ወገን አዩት። ናቫስ ፍርሃቱን አሸንፎ በ2013 ወደ ማንችስተር ሲሄድ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር አሉ፤ በመጀመሪያው ዓመት ፕሪሚየር ሊጉንና የሊግ ዋንጫውን አነሳ፤ በሊግ ዋንጫው ፍጻሜ ሰንደርላንድ ላይ ሦስተኛዋን ጎል ያስቆጠረ እሱ ነው። ነገር ግን እርሱ በሄደ ጊዜ ሴቪያ ምን አደረገች? በ2014፣ በ2015 እና በ2016 ተከታታይ 3 የዩሮፓ ሊግ ዋንጫ አነሳች! ከቤቱ መውጣት ያቃተው ልጅ በወጣበት ዘመን ቤቱ ውስጥ ድግስ ላይ ድግስ ሆነ። ጋሼ ይህን ሲጽፉ እንደሳቁ እገምታለሁ። 20ኛው፣ እርሱ በነበረባቸው ዓመታትም በ2006፣ በ2007፣ በ2020 እና በ2023 መነሳቱን ቆጥሮ፣ ለሴቪያ ከዚህ ዋንጫ ውጭ ሌላ ምግብ የላትም ወይ ብሎ ጠየቀ። ያው የቤቲሱ ሰው ነው።

21ኛው የሲቲ ደጋፊ ነበር፤ የመጣውም ተቆጥቶ ነው። በኅዳር 2013 ቶተንሃም ላይ ጨዋታው በተጀመረ በ14 ሰከንድ ያገባትን ጎል የረሳ ሰው ስለ ናቫስ ባይጽፍ ይሻላል አለኝ። ጨዋታው 6 ለ 0 ነው ያለቀው፤ ናቫስም 2 አስቆጥሯል። እኔ 8 ጎል ያልሁትን አልካደም፤ ነገር ግን ከ8ቱ 2ቱን በአንድ ቀን ያገባ ሰው አለ ብሎ ማን ያስታውሳል? ስህተቴን ተቀብዬ፣ የቀሩት 6 ጎሎች ግን በቀሩት ጨዋታዎች ሁሉ መበተናቸውን ብጠቁመው 22ኛውን ምላሽ ጽፎ ከክሩ ወጣ። የጻፈው አንድ ቃል ነበር።

23ኛዋ ሙኒክ የምትኖር ልጅ ናት፤ በክሩ ውስጥ የምወደው የእሷን ነው። በሐምሌ 2024 የአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ ስፔን ከፈረንሳይ፣ ስታዲየም ገብታ አይታዋለች። ካርቫኻል በጀርመኑ ጨዋታ በቀይ ካርድ ስለወጣ የቀኝ ተከላካይ ቦታ ባዶ ነበረ፤ አሠልጣኙ ዴ ላ ፉዌንቴ የ38 ዓመቱን ናቫስን አስገቡ። ፊት ለፊቱ ኤምባፔ። አጠገቧ የተቀመጡት የፈረንሳይ ደጋፊዎች ሰልፉ ሲነበብ እንደሳቁ ነገረችን። ገና በ9ኛው ደቂቃ ኤምባፔ በናቫስ ወገን አሻማና ኮሎ ሙዋኒ በጭንቅላት አስቆጠረ፤ ሳቁ በረታ። ብዙም ሳይቆይ ናቫስ ቢጫ ካርድ አየ። ቢጫ ያለበት አዛውንት በኤምባፔ ፊት! ዓይኗን በእጇ ሸፍና እንደነበር አልደበቀችም። ከዚያ ያማል ከሩቅ መትቶ አቻ አደረገ። ከ4 ደቂቃ በኋላ ናቫስ እንደ ጥንቱ በቀኝ ወጥቶ አሻማ፤ ኳሱ ተመልሶ ኦልሞ እግር ላይ ወደቀ፤ 2 ለ 1። ናቫስ ከዕረፍት በኋላ ተቀይሮ ሲወጣ እያነከሰ ነበር።

24ኛው በዚያ ጨዋታ ከፊቱ የተሰለፈው ያማል የተወለደው በሐምሌ 2007 መሆኑን አሰላ። ያኔ ናቫስ ሁለት የዩኤፋ ዋንጫ (የአሁኑን ዩሮፓ ሊግ) አንስቶ ነበር። 25ኛው ነገሩን ከአሠልጣኙ 9ኛ ምላሽ ጋር አገናኘው፤ ግራ እግረኛው ያማል ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ናቫስ በውጭ በኩል ከኋላው ይደርሳል፤ የድሮውና የአሁኑ የመስመር ተጫዋች በአንድ መስመር ላይ፣ አንዱ ለሌላው መንገድ ሲከፍት። ከዚያም ወደ ተከላካይነት የተለወጠበትን መንገድ አስረዳ። በ2016/17 ጋርዲዮላ በቀኝ ተከላካይነት ሞከረው፤ በ2017 ወደ ሴቪያ ሲመለስ ያው ቦታ ቀስ በቀስ የራሱ ሆነ። በ2020 ዩሮፓ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ማንችስተር ዩናይትድን ያሰናበተችው የሉክ ዴ ዮንግ ጎል ከናቫስ የተሻማች ናት፤ በፍጻሜው ኢንተር ላይ ዴ ዮንግ በጭንቅላት ያገባት የመጀመሪያዋም እንዲሁ። ዴ ዮንግ ደግሞ ረጅም ነው። አሠልጣኙ ያለው ይኸው ነበር፤ ሳጥኑ ውስጥ ጭንቅላት ስጡት፣ ያገኘዋል። እዚህ ላይ የመነሻ ጽሑፌን መልሼ አነበብሁት፤ አፍሬበታለሁ፤ አልሰረዝሁትም።

26ኛው ናቫስ ለምን 16 ቁጥር ለብሶ እንደጨረሰ ጠየቀ። 27ኛው መለሰለት። 16 የአንቶኒዮ ፑዌርታ ቁጥር ነው። ፑዌርታ በሴቪያ አካዳሚ አብሮት ያደገ የግራ መስመር ተጫዋች ነበር፤ በ2006 ሻልከ ላይ በ100ኛው ደቂቃ ባገባት ጎል ሴቪያን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አውሮፓ ፍጻሜ ያሻገረ። በነሐሴ 2007 ከኼታፌ ጋር በሚደረግ ጨዋታ ሜዳ ላይ ወደቀ፤ ከ3 ቀን በኋላ በ22 ዓመቱ ሞተ። ናቫስ ከማንችስተር ሲመለስ ያነሳው ያንን ማልያ ነው። 28ኛው የቤቲሱ ሰው ነበር። ምንም ሳይቀልድ፣ በዚያ ሳምንት የሁለቱ ክለቦች ደጋፊዎች አብረው ማልቀሳቸውን ብቻ ጻፈ። ለካ ያውቃል።

29ኛው ስለ ውርርድ ድርጅት ማስታወቂያ ለጠፈ፤ አስተባባሪው አጠፋው። 30ኛው፣ ጋቪም ፋቢያን ሩይዝም ከዚያው ከሎስ ፓላሲዮስ መሆናቸውን ነግሮን፣ የዚያ ከተማ ውኃ ምን እንዳለበት ጠየቀ። 31ኛው ናቫስ በመጨረሻው ዓመት ዳሌው በጣም ያመው ስለነበር ከጨዋታ በኋላ መራመድ ይቸገር እንደነበር፣ ያም ሆኖ በታኅሣሥ 2024 የመጨረሻ ጨዋታውን በሪያል ማድሪድ ስታዲየም በቤርናቤው አድርጎ የማድሪድ ሕዝብ ተነሥቶ እንዳጨበጨበለት፣ በሴቪያ ማልያ በአጠቃላይ 705 ጨዋታ ማድረጉን አሰፈረ። 32ኛው የ5ኛው ጸሐፊ ነው፤ አሁንም ናቫስ ብቻ በሉት አለ።

33ኛው የሐዋሳው አሠልጣኝ ነበር። በ9ኛው ምላሽ ያልነገረንን ነገር አወጣ። ቡድኑ ውስጥ የ15 ዓመት ልጅ አለ፤ ፈጣን፣ ቀኝ እግረኛ፣ ከመስመሩ የማይላቀቅ። ባለፈው ክረምት ለውድድር ዲላ ሲሄዱ ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ አድሮ ጠዋት ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ አሠልጣኙም ዲሲፕሊን የለውም ብሎ ከቡድኑ ቀነሰው። የ16ኛዋን ጽሑፍ ካነበበ በኋላ ትናንት ቤቱ ድረስ ሄዶ ከአባቱ ጋር ተነጋግሯል። ለሚቀጥለው ውድድር አባትየው አብሮ በአውቶቡሱ ይሄዳል፣ ሌሊትም ከልጁ ጋር ያድራል። 16ኛዋን ሐኪም ቤት መሄድ ካስፈለገ የት እንደሚወስዱት ጠየቃት፤ እሷም ወዲያው በግል መልእክት እንደጻፈችለት ታየ።

34ኛው የእኔ ነው። ልጁ አሁን በየትኛው ቦታ እየተጫወተ እንደሆነ ጠየቅሁት። እዚያው ሥር ባጭሩ መለሰልኝ፤ ከትናንት ጀምሮ ቀኝ ተከላካይ አድርጎታል፣ ልጁ ግን አኩርፏል።